ኩሬው ነው ወይስ የውሃው ቱቦ? አሜሪካ የብሪታኒያን ጎልፍ ምን አደረገችው

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ መልሱ 23 ደረሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ እንዳይከብደው ብዬ መነሻዬን አሳጥሬ፣ ከዚያ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየተከተልኩ እነግራችኋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ በራሴ አነጋገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

መነሻው

እንግሊዝ አገር አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ የሜዳ ሠራተኛ ነኝ። 11 ዓመት ሆነኝ። በበጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ግሪኑ ላይ እቆማለሁ። ለማታውቁት፣ ግሪን ማለት ጉድጓዱ ያለበት፣ ሳሩ እንደ ምንጣፍ ዝቅ ብሎ የሚታጨድበት ቦታ ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ያልኩት ይህን ነበር። ጎልፍ ስኮትላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ያደገ ጨዋታ ነው። ሊንክስ የሚሉት መሬት በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ አሸዋማ መሬት ነው። ለእህል አይሆንም። በግ ይግጥበታል፣ ነፋስ ይገርፈዋል። መጀመሪያ ላይ ማንም ነድፎ አልሠራውም። ኳሱ መሬት ለመሬት ይሮጣል፣ ጉብታ ያገኘውና ይታጠፋል፣ ረባዳው ይስበዋል። ተጫዋቹ ዱላውን ከመምረጡ በፊት መሬቱን ያነባል። አሜሪካ ውስጥ ግን በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜዳ በዶዘር የሚሠራ ነገር ሆነ። ኩሬ ተቆፈረ፣ ነጭ አሸዋ ተደፋ፣ ኳሱም በአየር ሄዶ ለስላሳ ግሪን ላይ ዱብ ብሎ እዚያው የሚቆም ሆነ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ አሠራር ብሪታኒያ ገባ። ምሳሌዬ በርሚንግሃም አጠገብ ያለው የዘ ቤልፍሪ ብራባዞን ሜዳ ነበር። በ1977 ነው የተከፈተው። 18ኛው ጉድጓድ ጋ ለመድረስ ኳሱ ሁለቴ ውሃ መሻገር አለበት። ጥያቄዬ አጭር ነበረች፤ ይህ ነገር ጎልፉን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? እኔ ጎዳው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

መልሶቹ

መልስ 1 ሰላምታና ምስጋና ነበር። ጎልፍን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያይ ሰው ነው። በአማርኛ ስለ ጎልፍ የሚጽፍ አግኝቶ ስለማያውቅ ደስ እንዳለው ገልጾ ከእኔ ጋር ተስማማ።

መልስ 2 በጨዋ አንደበት አረመኝ። ብራባዞንን የነደፉት ፒተር አሊስ እና ዴቭ ቶማስ ናቸው። አንዱ እንግሊዛዊ፣ ሌላው የዌልስ ሰው። በዚያ ንድፍ ላይ የአሜሪካዊ እጅ የለበትም። ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ቢሆንም ለእኔ ነገሩን ያባሰው ይኸው ነው። የአሜሪካ ስልት ለመግባት አሜሪካዊ አላስፈለገውም። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው አይተው ወደውት ነው የሠሩት።

መልስ 3 በርሚንግሃም አካባቢ የሚኖር ወንድማችን ነው። ለቤልፍሪ ተሟገተ፣ የተሟገተውም በደንብ ነው። በ1985 አውሮፓ ራይደር ካፕን፣ የአውሮፓንና የአሜሪካን የቡድን ውድድር ዋንጫ፣ ከአሜሪካ ላይ የወሰደው እዚያ ነው፤ አሜሪካ ከ1957 ወዲህ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። በ1989 ደግሞ 14 ለ14 ሲለያዩና ዋንጫው አውሮፓ ዘንድ ሲቀር፣ ያ 18ኛው ጉድጓድ ላይ ያለው ውሃ ነው ብዙ ነገር የወሰነው። አሜሪካኖቹ ፔይን ስቱዋርትና ማርክ ካልካቬኪያ ኳሳቸውን ውሃ ውስጥ ከተቱ። አየርላንዳዊው ክሪስቲ ኦኮነር ጁኒየር በ2 ቁጥር ብረት ዱላ ውሃውን አሻግሮ ከጉድጓዱ አጠገብ አሳረፋት፣ ፍሬድ ካፕልስንም አሸነፈ። ወንድማችን የጠየቀው፣ ኩሬው ባይኖር ያን ቀን ማን ያስታውሰው ነበር ነው። አሜሪካኖቹን በራሳቸው ዓይነት ሜዳ ላይ ማሸነፍ ራሱ ትልቅ ነገር እንደነበር ጨመረ። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 4 በእሱ ላይ ተመርኩዞ መጣ። ውሃ የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም አለ። ጥንታዊው የስኮትላንድ ሜዳ ሴንት አንድሩስ ላይ የመጀመሪያውን ግሪን የሚጠብቀው ስዊልካን የተባለው ጅረት ነው። እዚያው ስኮትላንድ ካርኑስቲ ላይ ባሪ የሚባል ጅረት አለ። በ1999 የብሪታኒያው ትልቁ ውድድር፣ ኦፕን ሻምፒዮናው፣ ሊያልቅ አንድ ጉድጓድ ሲቀረው ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ጫማውን አውልቆ የገባው እዚያ ውስጥ ነው።

መልስ 5 ነገሩን አጠራልኝ። ጅረትና ኩሬ አንድ አይደሉም አለች፤ በአነጋገሯ ተጫዋች መሆኗ ያስታውቃል። ጅረቱ ጠባብ ነው። ከፊቱ ማቆም ይቻላል፣ ማለፍም ይቻላል፣ በጎን መዞርም ይቻላል። ሰፊ ኩሬ ከግሪኑ ፊት ሲተኛ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአየር። ደካማ ተጫዋች፣ ሽማግሌ፣ ልጅ ምርጫ የላቸውም። ሊንክስ ላይ አንድ የ80 ዓመት ሰው ኳሱን እያንከባለለ ግሪን ይደርሳል። ኩሬ ካለ ግን ውሃው ጋ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል። እኔ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩት ይህንን ነበር።

በመልስ 6 አንዲት እህታችን እውነተኛ አሜሪካውያን የነደፏቸውን ደረደረች። ሊድስ አጠገብ ያለው ሙር አለርተን የሮበርት ትሬንት ጆንስ ሥራ ነው፣ 1970ዎቹ ሲገቡ የተሠራ። ኮርንዎል ውስጥ ሴንት ሜሊየን፣ ጃክ ኒክላውስ፣ 1988። ግሌንኢግልስ ላይ በ2014 ራይደር ካፕ የተደረገበት ሜዳም የኒክላውስ ነው፣ በ1993 የተከፈተ። ሎክ ሎመንድ ደግሞ የቶም ዋይስኮፍና የጄይ ሞሪሽ። ግሌንኢግልስን በእግሯ ሄዳበታለች። እዚያው ግቢ ውስጥ ጄምስ ብሬድ በ1919 የሠራው ኪንግስ ሜዳ አለ። አንዱ ኮረብታውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሌላው ተጫዋቾች ለሚሄዱባት ትንሽ መኪና መንገድ ጭምር ታስቦ የተዘረጋ ነው። በኪንግስ ላይ ከአንድ ግሪን ወደ ቀጣዩ መነሻ ጥቂት እርምጃ ነው፤ በአዲሱ ላይ ግን ረጅም መንገድ ተጉዛለች። የሜዳ ሠራተኛ ይህን በእግሩ ያውቀዋል።

ከ7 እስከ 10 ያለው ትንሽ ተበላሸ። 7ኛው አየርላንድ ያለውን ኬ ክለብን ጨመረበት፣ አሜሪካዊው አርኖልድ ፓልመር የነደፈውን። 8ኛው ቁጣ ቁጣ እያለው አየርላንድ ብሪታኒያ አይደለችም አለ፣ ይህን ያልለየ ሰው ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም እስከማለት ደረሰ። 9ኛው ለንደን አጠገብ ያለውን ዌንትወርዝን አመጣ፤ 18ኛው ግሪን ፊት ውሃ የተደረገበትን የ2010 እድሳት እንደ አሜሪካ ሥራ ቆጠረው። 10ኛው ያን ያደረገው ኤርኒ ኤልስ ነው፣ እሱም ደቡብ አፍሪካዊ ነው ብሎ ዘጋው። 7ኛው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ስህተት ለመታረም ነው፣ ግን እንዲያ በሰው ላይ መጮህ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 11 የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልኩ ነው የመለስኩላቸው። ረጅም ነው፣ ሁሉም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ጋሼ ያሉት፣ ከአሜሪካ መጣ የምንለው ነገር መጀመሪያ ከዚሁ የሄደ ነው። ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የተባለ የቺካጎ ልጅ በ1872 ለትምህርት ሴንት አንድሩስ ተላከ። እዚያ ጎልፍ ለመደ። አድጎ ሎንግ አይላንድ ላይ ናሽናል የተባለውን ሜዳ ሲሠራ የብሪታኒያን ምርጥ ጉድጓዶች ከነመንገዳቸው አጥንቶ እንደገና ሠራቸው። ከኖርዝ በርዊክ ሬዳን የሚባለውን ጉድጓድ ወሰደ፣ ከፕሬስትዊክ አልፕስ የሚባለውን። ዶናልድ ሮስ የስኮትላንዷ የዶርኖክ ልጅ ነበር፣ በ1899 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ ፓይንኸርስት ቁጥር 2 የሚባለውን ሜዳ ሠራ። አሁን ሁሉም ሰው የሚቀናበትን ኦገስታን፣ ማስተርስ የሚባለው ትልቅ ውድድር በየዓመቱ የሚደረግበትን የጆርጂያ ሜዳ፣ ደግሞ ከታዋቂው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው ዶክተር አሊስተር ማኬንዚ ነው፣ የዮርክሸር ሰው። መነሻ ሐሳቡ ሴንት አንድሩስ ነበር። ሰፊ ሜዳ፣ ጥቂት የአሸዋ ወጥመድ፣ የሚንከባለል ኳስ። በ1934 መጀመሪያ አረፈ፣ የመጀመሪያው ማስተርስ ሳይደረግ።

ከዚያ ጋሼ ሁለት ነገር ጨመሩ፣ ሁለቱም አስደነቁኝ። አንደኛ፣ ስሙ ከአሜሪካ ስልት ጋር አብሮ የሚነሳው ሮበርት ትሬንት ጆንስ የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ በ1906። በልጅነቱ ነው የወሰዱት። ሁለተኛ፣ አሜሪካዊው የሜዳ ነዳፊ ፒት ዳይ በ1963 ከሚስቱ ከአሊስ ጋር ስኮትላንድ መጥቶ ሜዳዎቹን ዞረ። ፕሬስትዊክ ላይ የወጥመዱን ግድግዳ የያዘውን የባቡር ሐዲድ እንጨት አይቶ ሐሳቡን ወደ አገሩ ወሰደው። ያ እንጨት አሜሪካ ውስጥ የእሱ መለያ ሆነ። ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የኩሬ ዳርቻ በእንጨት ሲታጠር ሰዉ የአሜሪካ ነው አለው። አያቱ ቤት የተሸመነ ጋቢ ባሕር ማዶ ደርሶ ሲመለስ የፈረንጅ ልብስ የተባለ ያህል ነው። ምሳሌው የእኔ ነው፣ የጋሼ አይደለም።

መልስ 12 ስለታም ነበር። ማን የት ተወለደ የሚለው ክርክር ፍሬ የለውም አለ። ጥያቄው ለምን ያን ጊዜ፣ ለምንስ እዚያ ነው። በ1989 የጎልፍ የበላይ አካሉ አር ኤንድ ኤ እስከ 2000 ድረስ 700 አዲስ ሜዳ ያስፈልጋል የሚል ጥናት አወጣ። ባንኩም ባለሀብቱም ተሯሯጠ። ገበሬው መሬቱን ሜዳ አደረገው። ያ መሬት ግን አሸዋ አልነበረም፣ አብዛኛው እንደ ዋልካ እግር የሚይዝ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። እዚያ ላይ ሊንክስ ልሥራ ማለት አይቻልም። ኩሬ ሲቆፈር ሦስት ነገር አንድ ላይ ይገኛል፦ ከሜዳው የሚወርደው ውሃ መጠራቀሚያ ያገኛል፣ ለበጋ ማጠጫ ይሆናል፣ የወጣው አፈር ደግሞ ለጥ ባለው መሬት ላይ ጉብታ መሥሪያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ብዙዎቹ ከሰሩ። ሰውየው የደመደመው፣ ኩሬውን የአሜሪካ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ጭቃውም ቆፍሮታል ብሎ ነው። አነጋገሩ ኮምጠጥ ያለ ቢሆንም ሐቅ ነው። መነሻ ጽሑፌ ላይ አፈሩን አለማንሳቴ ትልቅ ጉድለት ነበር። ከሰው ሁሉ እኔ ማንሳት ነበረብኝ።

መልስ 13 ላይ ግን ክሩ ዋናውን ነገር አገኘ። የጻፈው እንደ እኔ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፣ ስኮትላንድ ያለ ሐበሻ። ኩሬውን ተዉት አለ። ኩሬ ያለው በጥቂት ሜዳ ነው። ሁሉም ሜዳ ውስጥ የገባው ግን የውሃው ቱቦ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1966 ማስተርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም ተላለፈ። ኦገስታ አረንጓዴ ሆና ታየች። ከዚያ በኋላ ጥሩ ሜዳ ማለት አረንጓዴ ሜዳ ሆነ። ብሪታኒያ ውስጥም አውቶማቲክ ውሃ መርጫ ተዘረጋ፣ ማዳበሪያ ተበተነ። የጥንቱ ሳር ፌስኪውና ቤንት ነው፤ ቀጭን፣ ሥሩ ጥልቅ፣ ድርቅ የሚችል፣ በሐምሌ ገለባ የሚመስል። ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛበት ይሸነፋል። ቦታውን ፖዋ የሚባለው ይይዘዋል፤ ለስላሳ፣ ሥሩ ጣት የማያህል፣ ያለ ውሃ የማይኖር። ስለዚህ ሌላ ውሃ ይጨመራል። ውሃው ፖዋ ያመጣል፣ ፖዋው ውሃ ይጠይቃል። ጂም አርተር የተባለው የሳር ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲናገር ኖረ። ቀለሙን አትዩ፣ ሥሩን እዩ ነበር ትምህርቱ። ብዙ ክለብ ጠላው።

እዚህ ላይ የራሴን አስገባሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት የምሠራበት ክለብ 7ኛው ግሪን ላይ የአፈር ናሙና ማውጫውን ብረት ገፋሁት። ከላይ አረንጓዴው ያምራል። ከሥሩ እንደ ቡና አተላ ጥቁር የሆነ ንብርብር ወጣ፣ አራት ጣት ሙሉ። ያልበሰበሰ የሳር ግንድና ሥር ነው፣ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ በሉት። በእጄ ስጨምቀው ጠብ ጠብ አለ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። አየር የማያገኝ አፈር እንዲያ ይሸታል። ነጭ ሥር ስፈልግ ከጣቴ አንጓ አላለፈም። አባላቱ ግን ያንኑ ሰሞን ግሪኑ አማረ ብለው ያመሰግኑን ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላልህ አለኝ። ሰው የሚያመሰግነኝ በሚሞት ነገር ላይ ነበር።

መልስ 14 ስለ ወሩ ጻፈች፣ በጣም ትክክል ነው። ማስተርስ የሚደረገው ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። ጆርጂያ ያን ጊዜ ሞቃት ነች። ኦገስታ ደግሞ በጋውን ተዘግታ ትከርማለች፣ ሰው የሚጫወትባት ሳሩ ሲያምር ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዚያው ሳምንት አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ሳሩ በቅጡ ማደግ አልጀመረም። አባሉ እሑድ ማታ ቴሌቪዥን አይቶ ሰኞ ጠዋት ክለብ ይመጣል። የእኛስ ለምን እንደዚያ አይሆንም ይላል። በየዓመቱ ነው። እኔም አሥራ አንዱንም ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከአሜሪካ የመጣው ሁሉ ግን መጥፎ እንዳልሆነም ጽፋለች። የአሜሪካው ማኅበር ዩ ኤስ ጂ ኤ በ1960 ያወጣው የግሪን አሠራር፣ ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋማ አፈር፣ ጭቃ መሬት ላይ ለሚሠራ ሜዳ ብዙ ጠቅሟል። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ያ ግሪን ቶሎ ይጠነፍፋል። እውነቷን ነው።

መልስ 15 እኔ ላይ መጣ። አለዝቤ ነው የማቀርበው። ሳር አጫጅ ስለ ንድፍ ምን አገባው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው አባሉ ነው፣ አባሉ አረንጓዴ ከፈለገ አረንጓዴ አድርግለት ዓይነት ነበር። ደግሞም ይህ ሁሉ የድሮ ናፍቆት ነው አለ፤ የሚኖርበት አገር ሰዎች ራሳቸው የተዉትን እኔ ስደተኛው ላለቅስለት አይገባም ብሎ ዘጋው። ተሰማኝ። የመለስኩለት ይህን ነው። ያን መሬት በቀን አምስት ሰዓት የምረግጠው እኔ ነኝ። ሲታመም የማየው እኔ ነኝ። የሚያጭደው ሰው የማይናገርለት ከሆነ ማን ይናገርለታል? አባሉም ቢሆን የከፈለው ለሥዕል አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚጫወትበት መሬት ነው። በጥር ያ ስፖንጅ ግሪን ረግረግ ሆኖ ሲዘጋ ቀድሞ የሚናደደው እሱው ነው። መልስ 16 ከጎኔ ቆመ፣ እግዜር ይስጠው።

17 እና 18 ከርዕሱ ወጡ ብላችኋል፣ እኔ ግን አልቆርጣቸውም። 17ኛው ገጠር ያደገ ነው። ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም፣ ገና ግን ተጫውቷል። ታኅሣሥ ላይ መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ ሲጠነክር፣ ሩሯ እንዴት እንደምትበር ጻፈ። ዝናብ ያረጠበው መሬት ላይ ያችው ሩር ሁለት ክንድ ሄዳ ትቀመጣለች። ሊንክስ የምትሉት ይህንን ከሆነ ገባኝ አለ። አዎ ወንድሜ፣ ይህንን ነው። ዱላው ያው፣ ሩሯ ያው፣ የተለየው መሬቱ ነው። 18ኛው ለንደን ውስጥ የገና ዱላ የሚጠርብ ሰው ይፈልጋል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉለት።

መልስ 19 ወደ ነገሩ መለሰን። ሜዳው ብቻ ሳይሆን ኳሱም አሜሪካዊ ሆኗል አለ። የብሪታኒያው ኳስ 1.62 ኢንች ነበር፣ የአሜሪካው 1.68። ትንሿ ነፋስ ትቀድ ነበር። ኦፕን ላይ በ1974 ትልቁ ግዴታ ሆነ፣ በ1990 ትንሿ ጨርሳ ከሕጉ ወጣች።

መልስ 20 እንግሊዝ ውስጥ ሆይሌክ ላይ የተደረገውን የ2006ቱን ኦፕን አነሳ። ያን በጋ ሙቀት ነበር፣ ሜዳው እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ሆኖ ነበር። ታይገር ዉድስ በአራቱ ቀን ድራይቨር የተባለውን ትልቁን ዱላ የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በብረት ዱላ ዝቅ አድርጎ እየመታ፣ ኳሱን እያስሮጠ፣ ከአሸዋው ወጥመድ ፊት እያቆመ፣ ከሜዳው መደበኛ የምት ቁጥር 18 አሳንሶ ጨርሶ አሸነፈ። አሜሪካዊ ነው። በዓመታት ውስጥ መሬቱን እንደዚያ ያነበበለት ሰው አላየሁም አለ። እኔም አላየሁም።

መልስ 21 እዚህ ላይ አፈረጠው። በ2022 ኦፕን ሲደረግ ሴንት አንድሩስ ደረቅና ጠንካራ ነበር፣ ካሜሮን ስሚዝ ግን ከመደበኛው 20 አሳንሶ አሸነፈ። ስለዚህ ደረቅ ሜዳ ቀላል ነው፣ ምኑ ነው የሚወደደው? ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እኛ ስለ ክብደት አልነበረም የምናወራው። ሜዳ የሚከብድበት መንገድ ብዙ ነው፤ ሳሩን ማስረዘምም ያከብደዋል። የእኔ ጉዳይ ኳሱ መሬት ከነካ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ለስላሳ ግሪን ላይ ኳሱ መሬት ሲነካ ነገሩ አለቀ። ጠንካራው ላይ ገና መጀመሩ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ቆሞ ማየት፣ ልብ ማንጠልጠል አለ። ስሚዝም ግሪኑ ዳር ሆኖ ኳሱን መሬት ለመሬት እየላከ ነው ያሸነፈው። 17ኛው ላይ ያንን አደገኛ የአሸዋ ወጥመድ በፑተር፣ ኳስ ማንከባለያ በሆነው ዱላ፣ ዞሮ ሲያልፍ ያየ ሰው ያስታውሰዋል።

መልስ 22 ሁሉንም አስገረመ፣ ወገን ሳይለይ። ሊንክስን ወደ ብሪታኒያ የመለሱትም አሜሪካውያን ናቸው አለ። ከሴንት አንድሩስ ብዙም ሳይርቅ ኪንግስባርንስ አለ። የነደፈው ካይል ፊሊፕስ የካሊፎርኒያ ሰው ነው፣ በ2000 ተከፈተ። መሬቱ የእርሻ ቦታ ነበር። በዶዘር ነው የተሠራው፣ ያንኑ እኔ መጀመሪያ ላይ በከሰስኩት ዶዘር። ግን ጉብታውን አይቶ ሰው የሠራው ነው የሚል የለም። ኢንቨርነስ አጠገብ ካስል ስቱዋርትን ጊል ሃንስና ማርክ ፓርሲነን በ2009 ከፈቱ። ምሥራቅ ሎዚያን ያለውን ሬኔሳንስ ክለብ የነደፈው ቶም ዶክ ነው። ይህ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ሴንት አንድሩስ መጥቶ ካዲ ሆኖ የሰው ዱላ ተሸክሟል፣ ከዚያ ብሪታኒያና አየርላንድን ሜዳ በሜዳ ዞሯል። በሌላ በኩል ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ማክሌይ ኪድ በ1999 ኦሪጎን ውስጥ ባንደን ዱንስን ሠራ፤ ተጫዋች በእግሩ የሚሄድበት፣ መኪና የማይገባበት፣ ፌስኪው የበቀለበት። አሜሪካኖቹ እዚያ ሄደው ነው ሊንክስን እንደገና የወደዱት።

ኪንግስባርንስን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ለእረፍት ሄጄ። የተጫወትኩ አይደለም፣ በዳር በኩል ያለውን የእግር መንገድ ይዤ ነው የሄድኩት። ጎንበስ ብዬ መሬቱን በጉልበቴ ነካሁት። ጠንካራ ነው። ሳሩ ቀጭን፣ ጫፉ ቢጫ። አንድ ሰው ኳሱን ከግሪኑ በጣም ርቆ በፑተር መታ፣ ኳሷ ሁለት ጉብታ ወጥታ ወርዳ ግሪኑ ላይ ገባች። ከእርሻ መሬት ያን ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ። አሜሪካዊም ይሁን የማንም። መነሻዬ ላይ ጎዳው ብዬ የጻፍኩትን ያን ቀን ባስታውሰው ኖሮ እንዲያ አድርጌ አልጽፈውም ነበር።

መልስ 23 ዛሬ ማለዳ የገባ ነው፣ የ13ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ያ 7ኛው ግሪን አሁን እንዴት ነው? ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ የሜዳ ኃላፊ መጣልን። ውሃውን ቀነሰ፣ ማዳበሪያውን ቀነሰ። ግሪኑን እየወጋን አሸዋ እንደፋበታለን፣ ጥቂት ጥቂት፣ ደግሞ ደጋግመን። የመጀመሪያው በጋ ላይ ሜዳው ገርጥቶ ስድብ ጠግበናል። ፌስኪው ዘርተንበታል። ጥያቄውን ካየሁ በኋላ ማጨጃውን አቁሜ ብረቱን ይዤ ሄድኩ፣ በዚያው ቦታ ገፋሁት። ጥቁሩ ከሁለት ጣት ያንሳል። ሽታ የለውም። ሥሩን በማስመሪያ ለካሁት፣ ነጭ ነው፣ 11 ሴንቲ ሜትር። ነገ 12ኛውን አወጣለሁ፤ እሱ ዛፍ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ብዙ አልጠብቅም፣ የወጣውን ግን እዚሁ እጽፋለሁ።